«ይሠራል!» አለን ሰርቨሩ

በ2012 ዓ.ም. ክረምት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ ሦስታችን ወረታ ነበርን። የድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳን ግድያ ተከትሎ ከሰኔ 23 ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ድርግም ብሏል። ወረታን ለማያውቅ አንባቢያችን፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲጓዙ፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። (መንገዱን በደርግ ዘመን ቻይናዎች ናቸው የሠሩት።) ከከተማዋ ወጣ ሲሉ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ድረስ ተዘርግቷል። በሐምሌ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ሩዝ ነው።

ያረፍነው ከመካከላችን የአንዱ አክስት ቤት ነው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ልጃቸው የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ነው፤ ኮሌጁ በኮሮና ተዘግቶ ቤት ከዋለ አራት ወር ሆኖታል። ፍላሹ ላይ የመምህራን ማስታወሻ፣ የሩዝ አመራረት መመሪያ፣ የአረም ሥዕል፣ ያልሰበሰበው የለም። ጓደኞቹ በየቀኑ እየመጡ «አንዴ ቅዳልኝ» ይሉታል። ፍላሹም ከላፕቶፕ ላፕቶፕ ሲዞር ውሎ ቫይረስ ለቅሞ ይመለሳል። «እናንተ የአዲስ አበባ ልጆች፣ ለዚህ መላ የላችሁም?» አለን።

መላማ አለ! ከመካከላችን አንዱ ኢንተርኔት ሳይዘጋ በፊት አዲሱን የአፓቺ ሰርቨር ቨርዥን አውርዶ ነበር። ላፕቶፑ ላይ ጫነው፣ ብሮውዘር ከፈተ፣ የራሱን የኮምፒውተሩን አድራሻ ጻፈ። ነጭ ገጽ ላይ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት ቃል ወጣ። ትርጉሙ «ይሠራል!» ነው።

እትዬ ቡና እየወቀጡ ቀና አሉ። «ምኑ ነው የሚሠራው? ኔትወርክ የለም ስትሉ አልነበረም እንዴ ልጆቼ?»

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የወለደው የእትዬ ጥያቄ ነው። እኛ በኢንተርኔት ካፌ ያደግን ልጆች ሰርቨርንና ኢንተርኔትን አንድ አድርገን ነው የለመድነው። አንድ አይደሉም። ሰርቨር ማለት አሳላፊ ነው፤ ቃሉም ያው ነው። የሰርግ ቤት አሳላፊ እንግዳው ከአሜሪካ ይምጣ ከጎረቤት ደንታ የለውም፤ «ወጥ ጨምርልኝ» ሲሉት ይጨምራል። ኢንተርኔት እንግዳውን የሚያመጣው መንገድ ነው። መንገዱ ቢዘጋ የሩቁ እንግዳ ይቀራል እንጂ ግቢ ውስጥ ያለው ሰው ጦሙን አያድርም። ይህን ቀላል ነገር ለመረዳት ኢንተርኔት መዘጋት ነበረበት መሰለን።

የመጀመሪያው የድር ሰርቨር የቆመው ጄኔቫ አጠገብ፣ ሰርን በሚባለው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ እ.አ.አ. በ1990 መጨረሻ ነው። ቲም በርነርስ ሊ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ኔክስት ኮምፒውተር ሰርቨር አደረገውና፣ ባልደረቦቹ ሳያውቁ እንዳይዘጉበት ወረቀት ለጥፎ በቀይ ቀለም ጻፈበት፦ ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፣ እንዳታጠፉት! የወረታን መብራት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። እዚያ የፈሩት የሰው እጅን ነበር።

ከዚያ ታሪኩ ወደ አሜሪካ ይሻገራል። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የሱፐር ኮምፒውተር ማዕከል ሮብ ማኩል የጻፈውን ሰርቨር በነፃ ያድል ነበር። እ.አ.አ. በ1994 አጋማሽ ማኩል ሥራውን ለቀቀና ፕሮግራሙ ባለቤት አጣ። ተጠቃሚዎቹ ግን አልተበተኑም። አንዱ ቀዳዳ ሲያገኝ ይጥፍና መጣፊያውን በኢሜይል ለሌላው ይልካል። በ1995 መጀመሪያ ስምንት ያህል ሰዎች መጣፊያዎቹን ሰብስበው አንድ ላይ ሰፉት። በሚያዝያ 0.6.2 የተባለው ቨርዥን ወጣ፣ በታኅሣሥ ደግሞ 1.0። አፓቺ ማለት ይህ ነው። ስሙ ለአሜሪካ ነባር ሕዝብ ለአፓቺዎች ክብር የወጣ ነው ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ግን «የተጣጣፈ» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ቀልድም አለበት። በእኛ ቋንቋ ድሪቶ ልንለው እንችላለን። ድሪቶው በዓመቱ የዓለም አንደኛ ሰርቨር ሆነ። ከአሥር ዓመት በኋላ ከአሥር ድረ ገጾች ሰባቱን የሚያስተናግደው እሱ ነበር። (ዛሬ ኢጎር ሲሶየቭ የተባለ ሩሲያዊ እ.አ.አ. በ2004 ያወጣው ኤንጂንኤክስ ቦታውን ተሻምቶታል። እሱ የራሱ ታሪክ አለው፣ ለሌላ ቀን።)

እ.አ.አ. በሚያዝያ 2002 አፓቺ 2.0 ወጣ። ውስጡ ከሥር ተፍቆ የተሠራ፣ የተሻለ ሰርቨር ነው። ሰዉ ግን እሺ አላለም! ብዙዎች 1.3ን ይዘው ለዓመታት ቀሩ። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ድረ ገጾቻቸው የተሠሩበት ፒኤችፒ ከአዲሱ የሥራ አከፋፈል ጋር ገና አልተግባባም ነበር፤ የፒኤችፒ ሰዎች ራሳቸው ለቁም ነገር ሥራ አታጣምሩት እያሉ ያስጠነቅቁ ነበር። ሰርቨሩ ተሻሽሏል፤ በዙሪያው ያለው ዓለም ግን የአሮጌው ነው። 1.3 የመጨረሻውን ማሻሻያ ያገኘው እ.አ.አ. በየካቲት 2010 ነው። ታናሽ ወንድሙ ከተወለደ ስምንት ዓመት ሊሞላ ሲል መሆኑ ነው።

ይህን ስናወራ የእትዬ ልጅ ሳቀ። «ኤክስ ጅግና በሉኛ!» አለ።

ልክ ነው። ፎገራ ሜዳ ድሮ የሚታወቀው በከብቱ ነበር፤ የፎገራ ላም በወተቷ ስም ያላት ናት። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ በክረምት የሚዘራበት መሬት ጥቂት ነው። እ.አ.አ. በ1970ዎቹ ሩዝ መሞከር ተጀመረ። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ በተባሉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አለማመዱ። ኮሪያዎቹ ሄዱ፣ ማኅበራቱም ፈረሱ፣ ዘሩ ግን ቀረ። ስሙን ከቦታው ወስዶ ኤክስ ጅግና ተባለ። ውሃው ይጎዳው የነበረው መሬት በውሃው የሚከብር ሆነ፤ ዛሬ የፎገራ ሰው ሩዝን ነጭ ወርቅ ይለዋል። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ እትዬ ያቀረቡልን እንጀራም እንዲያ ነው፣ ሳይነግሩን አላወቅንም።

ከዚያ ወዲህ አዳዲስ «ቨርዥኖች» መጡ። ከአዴት የግብርና ምርምር ማዕከል ጉማራ የሚባል ዝርያ ወጣ። የአፍሪካንና የእስያን ሩዝ በማዳቀል የተገኘው ኔሪካ መጣ። ወረታ አጠገብ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ቆመ፤ እሱም ሻጋ የተባለውን ጨምሮ ሌሎች ዝርያዎችን አስተዋወቀ። ኤክስ ጅግና ግን ከማሳው አልወጣም። ለምን? እትዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር መለሱልን፦ «ነጭ ነዋ! ገበያው ነጭ ነው የሚወደው፣ እንጀራውም ያምራል።» ወፍጮው፣ ነጋዴው፣ ምጣዱ፣ ገለባውን የሚበላው በሬ ሳይቀር ከእሱ ጋር ተላምደዋል። አዲስ ዘር የሚሰጥ ሰው በሄክታር ስንት ኩንታል እንደሚጨምር ይነግራችኋል፤ ምጣዱ ምን እንደሚል አይነግራችሁም።

ሰርቨሩስ? የእኛ «ምጣድ» ፊደላችን ነው።

እዚህ ላይ የዚያን ዕለት ያጋጠመንን እንናገር። «ይሠራል!» ካለን በኋላ የአማርኛ ገጾቻችንን ለማስነበብ አንድ አሮጌ የማዋቀሪያ ፋይል ገለበጥን። ፋይሉን ከአንድ ታላቃችን የወረስነው ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው። ስንከፍተው «ክልክል ነው» የሚል መልስ መጣ። አንድ ሰዓት ፈጀብን፤ ጎግል የለ፣ የሚጠየቅ ሰው የለ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ እ.አ.አ. በየካቲት 2012 የወጣው 2.4 በር የሚከፈትበትን ቋንቋ ቀይሯል። ድሮ «ኦርደር» እና «አላው ፍሮም ኦል» እየተባለ በሁለት መስመር የሚጻፈው አሁን «ሪኳየር ኦል ግራንትድ» በሚል አንድ መስመር ተተክቷል። አሮጌውን ፋይል እንዳለ የገለበጠ ሰው በሩ ላይ ይቀራል። ደግነቱ የአፓቺ መመሪያ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ወርዶ ነበር። (ምክር ቢጤ፦ መመሪያውን ሳታወርዱ ከከተማ አትውጡ።)

በሩ ተከፈተ። ገጹ ግን አማርኛ አልነበረም። የሌላ ዓለም ቋንቋ ነው፤ ጭረት የጫነ የላቲን «አ»፣ ከዚያ ሁለት ኮተት፣ ደግሞ ጭረት የጫነ «አ»፣ ደግሞ ሁለት ኮተት፣ እስከ ገጹ ግርጌ። ይህን ያላየ የአማርኛ አንባቢ ይኖራል ብለን አናምንም። ምክንያቱን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3.0፣ እ.አ.አ. በመስከረም 1999 ነው። በተለመደው አጻጻፍ፣ ማለትም በዩቲኤፍ 8፣ እያንዳንዷ ፊደላችን ሦስት ባይት ትወስዳለች። ከሀ እስከ ፐ ያሉት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነው። ሰርቨሩ ለብሮውዘሩ «ይህ ገጽ የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ነው» ብሎ ከነገረው፣ ያች የመጀመሪያ ባይት ጭረት የጫነች «አ» ትሆናለች። በየሦስተኛው ቦታ የምትመላለሰው ለዚህ ነው። ገጹ ውስጥ «እኔ ዩቲኤፍ 8 ነኝ» ተብሎ ቢጻፍ እንኳ የሰርቨሩ ቃል ነው የሚጸናው። ጌታው አሳላፊውን ያምናል፣ ወጡን አይቀምስም!

ታዲያ ማን ነው ሰርቨሩን እንዲህ በል ያለው? ራሱ አፓቺ። 2.0 በወጣባቸው የመጀመሪያ ዓመታት አብሮት የሚመጣው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «አድ ዲፎልት ቻርሴት» የሚል መስመር ነበር፣ ትእዛዙም አይኤስኦ 8859-1፣ ማለትም የምዕራብ አውሮፓ ፊደል። በክፋት አይደለም፤ መስመሩ የመጣው ከአንድ የደኅንነት ቀዳዳ ጋር በተያያዘ ነው። ለፈረንሳይና ለጀርመን ምንም አይደለም። ለአማርኛ፣ ለትግርኛ ግን አዲስ ቨርዥን ጫንን ብሎ ደስ ያለው ሰው ማግስቱን ገጹ ሁሉ ኮተት ሆኖ ያገኘዋል። ኋላ መስመሩ ከፋይሉ ወጣ። የእኛ የውርስ ፋይል ውስጥ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። አንድ ቃል ቀይረን ዩቲኤፍ 8 ስንለው «ሀ» ሀ ሆነ።

በዚያው ዘመን ፋይል ውስጥ የቋንቋዎች ዝርዝርም ነበር። አፓቺ የእንግዳውን ብሮውዘር ቋንቋ አይቶ ገጹን በዚያ ቋንቋ ማቅረብ ይችላል፤ የእንኳን ደህና መጣህ ገጹም በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ይመጣ ነበር። ካታላንኛ አለ። ሉክሰምበርግኛ አለ። ሰው ሠራሹ ኤስፔራንቶ ሳይቀር ዝርዝሩ ውስጥ አለ! አማርኛ የለም። «ኢቲ» የሚለውን ስናይ ልባችን ዘለለ፤ የኢትዮጵያ የድረ ገጽ መለያ እሱ ነውና። ግን የኢስቶኒያ ቋንቋ ምልክት ኖሯል። የአማርኛ ምልክት «ኤኤም» ነው፣ እሱ ደግሞ በአገር መለያ አርመንን ነው የሚያመለክተው። በዚህም አልተሳካልንም። ማንም አልከለከለንም፤ ትርጉሞቹን የላኩት ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከእኛ ሰው የላከ የለም፣ ወይም በጊዜው አልደረሰም። ያን ጊዜ እኮ አገር ቤት ያለው ሰው የአማርኛ ገጽ ለማንበብ መጀመሪያ ጂኤፍ ዘመንን ፈልጎ መጫን ነበረበት፤ ከዊንዶውስ ጋር ኒያላ የተባለው ፊደል አብሮ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው።

መስመሩም ቢሆን በቀጭኑ ነው የመጣው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ወረታን ለመሰለ ከተማ ከዚያ በኋላ የመጡት ሁለት ነገሮች ሁለቱም ከሰማይ የወረዱ ናቸው፤ በሳተላይት ማለታችን ነው። አንዱ ወደ 600 የሚጠጉ ወረዳዎችን ያገናኘው ወረዳኔት ነው፤ ቢሮ ውስጥ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው በቪዲዮ ስብሰባው ነው። ሌላው ፕላዝማ። የፕላዝማ ትውልድ የሆነ አንባቢያችን እዚህ ላይ ይተንፍስ። መምህሩ ከስክሪኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ይጠይቀናል፣ መልሱን ጻፉ ይለናል፣ እርሳስ ሳናነሣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ይሄዳል። ፕላዝማ የሰርቨር ተቃራኒ ነው፤ ሰርቨር ካልጠየቁት አይናገርም፣ ፕላዝማ ቢጠይቁትም አይሰማም።

ለፎገራ ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበው ሌላ ነው። እ.አ.አ. በ2004 በካናዳ መንግሥት ገንዘብ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም አስፈጻሚነት አንድ የግብርና ፕሮጀክት ተጀመረ፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ አይፒኤምኤስ። ከመረጣቸው 10 ወረዳዎች አንዱ ፎገራ ነበር። ወረታ ላይ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ የእውቀት ማዕከል አቋቋመ፣ ኮምፒውተር፣ ቴሌቪዥን፣ የሚነበብ ጽሑፍ ያለበት። ለአገሪቱ የግብርና ፖርታልም ተሠራ። መስመሩ ደካማ ስለሆነ ይዘቱ በሲዲ እየተቀዳም ወደ ወረዳ ይላክ ነበር። ልብ በሉ፦ ድረ ገጹ በመኪና ነው የሚመጣው! በጊዜው ሰው ሳይስቅበት አልቀረም፤ እኛ ግን ሐሳቡ ትክክል ነበር እንላለን። የጎደለው ሲዲውን የሚያነብ አንድ ኮምፒውተር ለክፍሉ ሁሉ አሳላፊ እንዲሆን ማድረግ ነበር፤ የአፓቺ ድሪቶ ደግሞ ያኔም በነፃ ይገኝ ነበር።

ፕሮጀክቱ ካበቃ ቆይቷል። ስለ ፎገራ የተጻፈው ጥናት፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ የምርምር ተቋማቱ በጋራ በሚጠቀሙበት ሲጂስፔስ በተባለው መዝገብ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ። ፎገራ ያለ ገበሬ ስለ ራሱ ማሳ የተጻፈውን ለማንበብ መስመር ያስፈልገዋል፣ ከዚያ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ የዚያን መዝገብ ስም የሚነግረው ሰው። ከሁሉ የተሻለ የቀረበው በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው 8028 ይመስለናል፤ ገበሬው በነፃ ደውሎ በቋንቋው ይሰማል። እሱም ሰርቨር ነው፣ ፊደል ያልጠየቀ ሰርቨር።

መዝጋቱም አንዴ ሆኖ አልቀረም። በሰኔ 2011 ባሕር ዳር ላይ ባለሥልጣናት ሲገደሉ ተዘግቶ ነበር፤ እኛ ወረታ በነበርንበት በ2012 ክረምት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በየጊዜው አዲስ አበባ ተቀምጠን «መስመሩ መቼ ይለቀቃል» እንላለን። ግቢው ውስጥ ምን አለ ብለን የጠየቅነው ያን ሐምሌ ብቻ ነው።

ማምሻውን አንድ ስልክ ላይ ሆትስፖት ከፈትን። ዳታ አያስፈልገውም፤ ላፕቶፑና የልጆቹ ስልኮች በእሱ ይገናኛሉ። 192.168.43 ብሎ የሚጀምረውን የላፕቶፑን አድራሻ ወረቀት ላይ ጽፈን አደልን። የልጁ ጓደኞች ስድስት ሆነው መጡ፣ በረንዳው ላይ ተደርድረው ከፈቱት። የራሳችንን አሮጌ ጽሑፎች አነበቡና (አንዱን አልወደዱትም፣ ልክ ናቸው) ወደ ሩዙ መመሪያ አለፉ። ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም ያስቀመጥነው የአማርኛ ዊኪፒዲያም ነበር፤ እሱ ላይ ብዙ ቆዩ። መብራቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው እስከ አራት ሰዓት ዘለቀ።

እትዬ ስልክ ተቀብለው መመሪያውን ተመለከቱት። «ይሄ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው እንዴ?» አሉ ለልጃቸው፤ «ታዲያ ለእኔ ምኑ ይሠራል?»

አዲስ አበባ ከገባን፣ መስመሩም ከተለቀቀ በኋላ ልጁ ደወለልን። ሰርቨሩን በራሱ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጭኖታል፣ የውርስ ፋይላችንን ትቶ አዲሱን ከነመመሪያው ነው የተጠቀመው። መመሪያውን ለእናቱ ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሯል። አራተኛው ገጽ ላይ ቆሟል፤ የአረሞቹ ስም የተጻፈው በላቲን ነው፣ እሳቸው የሚሉት ደግሞ ሌላ ነው፣ ስለዚህ ሥዕሉን ይዞ ማሳ ለማሳ እየዞረ ሽማግሌዎቹን እየጠየቀ ነው። ስምንቱን አግኝቷል፣ አምስት ይቀሩታል።